ሚስ ማርፕል በጂን ወይስ ማ ራሞትስዌ በቀይ ሻይ?

ከጓደኞቼ ጋር የወንጀል ልብ ወለድ ስንወያይ ለመርማሪው የሚስማማ ኮክቴል እንመርጣለን። እስካሁን ሁለት መርማሪዎች ያከራክሩናል። ሁለቱም ፖሊስ አይደሉም።

የደራሲ አጋታ ክሪስቲዋ ሚስ ማርፕል ያላገቡ የእንግሊዝ ገጠር አሮጊት ናቸው። በረጅም ልብ ወለድ የመጡት በ1930 እ.ኤ.አ. ነው። ሹራብ እየሠሩ ያዳምጣሉ፤ ተጠርጣሪውን ከሚያውቁት የመንደር ሰው ጋር ያመሳስሉና ይደርሱበታል። ለእሳቸው ቶም ኮሊንስ የሚባለው ኮክቴል ይስማማል፦ ጂን፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ስኳር፣ ሶዳ። የዋህ መስሎ ጠንካራ ነው። ጨዋታው ግን ማን ዋሸ፣ መቼ ዋሸ ላይ ያተኩራል። ገዳዩ ከታወቀ በኋላ ወሬው ቶሎ ያልቃል።

ማ ራሞትስዌ ሌላ ናት። «ማ» በሴትስዋና እንደ «ወይዘሮ» ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ መጽሐፍ፣ አባቷ ያወረሷትን ከብቶች ሸጣ በቦትስዋና ዋና ከተማ በጋቦሮኒ የምርመራ ቢሮ ትከፍታለች። ትንሽ ነጭ መኪና ትነዳለች። የጠፋ ባል፣ የሚጠረጠር ዘመድ ትከታተላለች። የምትወደው መጠጥ ሩይቦስ፣ ማለትም የደቡብ አፍሪካ ቀይ ሻይ ነው። እኛ ሻዩን አወፍረን እናፈላና እናቀዘቅዘዋለን። ከዚያ 50 ሚሊ ሊትር ጂን፣ ሎሚ፣ አንድ ማንኪያ ማርና በረዶ። አልኮል ለማይጠጣ ጂኑን መተው ነው፤ ጣዕሙ ብዙም አይጎዳም።

እኔ ማ ራሞትስዌን እመርጣለሁ። ስለ እሷ ስናወራ ስለ ትዳር፣ ስለ አባት፣ ስለ መተማመን እናወራለን። ባለፈው እኩለ ሌሊት አልፎ ነው የተለያየነው። መገመት የሚወድ ቡድን ካላችሁ ግን ሚስ ማርፕልን ያዙ፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳታነቡ ግምታችሁን በወረቀት ጻፉ።