ለአዋቂ ጀማሪዎች የተዘጋጀ የፒያኖ መጽሐፍ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ከሌሎቹ ለይቼ የመረጥኩት ስፓይራል (በጥምዝምዝ ቀለበት የተጠረዘ) ስለሆነ ነው ብል አትሳቁ። በሙጫ የተጠረዘ መጽሐፍ ፒያኖ ላይ ሲያቆሙት ራሱን ይከድናል፤ ሁለቱም እጅ ሥራ ላይ እያለ ገጽ የሚይዝ ሦስተኛ እጅ ከየት ይመጣል? ይሄኛው ገልጠው እንደተዉት ይቆያል። ኖታዎቹም ጎላ ብለው ስለታተሙ መነጽር ለምናደርግ ሰዎች ይመቻሉ።

ቅሬታዬ የጣት ቁጥሮቹ ላይ ነው። አውራ ጣት 1፣ ትንሿ ጣት 5 እየተባለ በየኖታው አናት ላይ ተጽፏል። የቀኝ አውራ ጣት መሃለኛው ዶ ላይ ካረፈ በኋላ ደግሞ እጅ ለብዙ ገጾች ከቦታው አይነቃነቅም። ታዲያ ዓይን ምን ቸገረው፣ ኖታውን ትቶ ቁጥሩን ያነባል። 3 ማለት ሚ፣ 5 ማለት ሶል ሆኖ ይቀራል። አውራ ጣት ሶል ላይ የሚያርፍበት ምዕራፍ ሲመጣ ያው 3 ሲ ይሆናል፤ ያኔ ኖታ ማንበብ እንዳልተለመደ ይታወቃል። እኔ እጅ ቦታ የሚቀይርባቸውን ብቻ አስቀርቼ ሌሎቹን ቁጥሮች በእርሳስ አጠፋኋቸው። መጽሐፍ የምትመርጡ ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ገጾች ትታችሁ መሃሉን ግለጡ፤ እዚያም ቁጥር ከሞላው ይቅርባችሁ።

ዜማዎቹም ከልክ በላይ ቀልለዋል። የቤትሆቨን 9ኛ ሲምፎኒ የደስታ ዜማ ከሞላ ጎደል በአምስት ጣት ስለሚያዝ ከጀማሪ መጽሐፍ አይጠፋም። ዋናው ዜማ ግን ሦስተኛው ሐረግ ሲያልቅ ወደ ታችኛው ሶል ይወርዳል፣ አራተኛውም ምቱን ሳይጠብቅ ቀድሞ ይገባል። መጽሐፉ ሶሉን አውጥቶ ምቱን አቃንቶታል። ልጅ ላያስተውለው ይችላል፤ ዜማውን ለዓመታት የሰማ አዋቂ ግን ጆሮው እምቢ ይለዋል።

አብሮት የመጣው ድምፅ በዝግታም በሙሉ ፍጥነትም ተቀድቷል፤ የዝግታውን እስካሁን እጠቀምበታለሁ።

ግራ እጅ ተበድሏል። ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ከመያዝ ሌላ ሥራ ስላልተሰጠው ዜማ ሲጠየቅ ይንገዳገዳል። ለዚህ የጠቀመኝ የሃንጋሪው አቀናባሪ የባርቶክ የፒያኖ መለማመጃ ስብስብ «ሚክሮኮስሞስ» ነው። ከ6 ቅጾቹ የመጀመሪያው ሲከፈት ሁለቱ እጆች አንድ ዓይነት ዜማ እኩል ይጫወታሉ፤ ግራው የሚደበቅበት የለውም። ደረቅ ነው፣ ለመዝናኛ አይሆንም። እኔ ከእሱ አንድ ገጽ አስቀድሜ ወደ ስፓይራሉ እመለሳለሁ። የስፓይራሉን ሁለተኛ ክፍል ግን አልገዛም።