የሃይሉክስ ዲፈረንሻል ጥርስ ቅየራ፤ ሳቢያን ውስጥ ባለ አንድ ጋራዥ ያሠራሁት ሥራ

በቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ ከድሬዳዋ ወደ ሽንሌ ገጠር ዕቃ አመላልሳለሁ፤ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜም ጭኜ የደንገጎን ዳገት በመውጣት እስከ ሐረር እዘልቃለሁ። አምና የአሸዋውንና የኮረቱን መንገድ እንዲችልልኝ ብዬ ልካቸው 265/70 የነበሩትን ባለ 16 ኢንች ጎማዎች አውልቄ ከእነሱ የሚበልጡትን 285/75 አስገጠምሁ። አሸዋው ላይ ያሰብሁት ሆነልኝ፤ ዳገቱ ላይ ግን መኪናው ሌላ መኪና ሆነብኝ። ቀድሞ በሦስተኛ ማርሽ የምወጣው የደንገጎ ጠመዝማዛ ሁለተኛ ይጠይቀኝ ጀመር፤ ጭነት ሲኖር ደግሞ ከቆምሁበት ለመነሣት ፍሪሲዮኑን ብዙ ማንሸራተት ስለነበረብኝ ሽታው ካቢኑ ድረስ ይገባ ነበር። አምስተኛ ማርሽም ከሜዳ በስተቀር የማይነካ ሆኖ ቀረ።

መጀመሪያ ያማከርሁት ሌላ ጋራዥ ሞተሩ ደክሟል ብሎ የናፍጣ ፓምፑን ሊያወርድልኝ ነበር። ይህን ባለመቀበሌ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ችግሩ ሞተሩ ዘንድ አልነበረም። የቀድሞው ጎማ ቁመት 777 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የአዲሱ 834 ነው። የመጀመሪያው አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 410 ጊዜ ያህል ሲዞር፣ አዲሱ ያንኑ መንገድ በ382 ዙር ይጨርሰዋል። ለአሽከርካሪው ይህ ማለት ማርሾቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰባት በመቶ ያህል ረዝመዋል ማለት ነው፤ ሞተሩ በአንድ ዙር መኪናውን አርቆ ስለሚገፋ ጉልበቱ በዚያው ልክ ያንሳል። በዚያ ላይ አዲሶቹ ጎማዎች እያንዳንዳቸው በብዙ ኪሎ ይከብዳሉ፤ ክብደቱም የተጨመረው ከመሃል ርቆ ጎማው ዳር ላይ ስለሆነ ለማስነሣትም ለማቆምም ተጨማሪ ጉልበት ይወስዳል።

እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ያለውን ጋራዥ ያሳየኝ የጭነት መኪና ሾፌር የሆነ ወዳጄ ነው። ዋናው መካኒክ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ አባታቸው በምድር ባቡር ወርክሾፕ የሠሩ እንደነበሩ አጫውተውኛል። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡሩን ሐዲድ ተከትላ የተቆረቆረች ከተማ እንደመሆኗ፣ እንዲህ ያለው የእጅ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ማየት እዚህ እንግዳ ነገር አይደለም። እኚህ ሰው መኪናውን ከማንሣታቸው በፊት ስለ ጎማው ልክ ጠየቁኝ፤ ቀጥለው የኋላውን ዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰውን የጥርስ ሳጥን ከፍተው በጠመኔ አንዱን ጥርስ ምልክት አድርገው ቆጠሩ። ኮሮና የሚባለው ትልቁ ክብ 41፣ እሱን የሚያዞረው ትንሹ ፒኞን 10 ጥርስ ነበረው፤ ማለትም ካርዳኑ (ከማርሽ ሳጥኑ የሚመጣው ረጅም ዘንግ) 4.10 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። ይህ ቁጥር ከፍ ሲል ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ስለሚጨምር፣ ጎማው ባደገበት ልክ የቀድሞውን አቅም ለመመለስ 4.40 ያህል ያስፈልግ ነበር። በዚህ ልክ የተሠራ ስላላገኘን ምርጫው 43 በ10 በሆነው 4.30 እና 41 በ9 በሆነው 4.556 መካከል ሆነ። እኔ ለናፍጣው ሰግቼ ወደ መጀመሪያው አዘንብዬ ነበር። «ጋሼ፣ ጎማው ረዘመ ብቻ አይደለም፣ ከብዷልም፤ እርስዎም ደንገጎን ባዶዎን አይወጡም» ብለው ሁለተኛውን መከሩኝ። ዛሬ ላይ ሆኜ ስመዝነው ምክራቸው ትክክል ነበር።

መኪናው በአራቱም ጎማ የሚጎትት ስለሆነ ከፊትም ዲፈረንሻል አለው፤ ወጪ ለመቀነስ የኋላው ብቻ ይቀየርልኝ ብዬም ጠይቄ ነበር፤ ፊት ለፊት እምቢ አሉኝ። ፊትና ኋላ የተለያየ ቁጥር ይዘው አራቱም ጎማ ሲያያዝ ሁለቱ ዲፈረንሻሎች እርስ በርስ ስለሚታገሉ፣ ትግሉ የሚያልቀው ትራንስፈሩን (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን ሳጥን) ወይም አንዱን ጥርስ ሰብሮ ነው። የፊቱን ሳንቀይር ትተን የፊት ጎማዎቹን ጉልበት ፈጽሞ አልጠቀምበትም ማለት ደግሞ ለሽንሌ አሸዋ የገዛሁትን ጎማ ትርጉም ያሳጣዋል።

ሥራውን ቆሜ አይቼዋለሁ። አዲሱ ፒኞን በአዳዲስ ኩሽኔታዎች ከገባ በኋላ የኮሮናው ጥርሶች ላይ ቢጫ ቅባት ቀብተው በእጅ አዞሩት፤ ፒኞኑ የነካበት ቦታ ቅባቱ ተገፍቶ አሻራ ይተዋል። የመጀመሪያው አሻራ ወደ ጥርሱ ጫፍ ተጠግቶ ስለነበር መካኒኩ ሁሉንም መልሰው አወጡት፤ ከፒኞኑ ሥር የሚገባውን ስስ የብረት ቀለበት በወፍራም ለውጠው እንደገና አስገቡት። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋገሙት፤ በመጨረሻ አሻራው የጥርሱ መሃል ላይ አረፈ። በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተትም የሰዓት መልክ ባለው ባለ ቀስት መለኪያ ለክተው 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ አቆሙት፤ ለዚህ የቶዮታ ዲፈረንሻል ከ0.13 እስከ 0.18 ያለው ተቀባይነት አለው። ብዙ ቦታ ይህ በእጅ ተነቅንቆ በግምት የሚታለፍ ነው፤ በኋላ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሰማው ኡኡታም የሚመጣው ከዚህ ግምት ነው።

የማነሣው ቅሬታም አለኝ። በሦስት ቀን ይደርሳል የተባለው ስድስት ቀን ፈጅቷል። ሙቀቱ ስለሚበረታ ጋራዡ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ሥራ ማቆሙን እረዳለሁ፤ ነገር ግን መዘግየቱን ደውሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ በየቀኑ እየሄድሁ መጠየቅ ነበረብኝ። የኋላው የፒኞን ዘይት መከላከያ ጎማም በሁለተኛው ሳምንት ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ሲለውጡልኝ ግን ገንዘብ አልጠየቁኝም። ዋጋውን በተመለከተ፣ ለሁለቱ የጥርስ ስብስቦች፣ ለኩሽኔታዎቹና ለእጅ ሥራ በድምሩ የከፈልሁት ከአራቱ ጎማዎች ዋጋ ይበልጣል። ትልልቅ ጎማ ለመግዛት ያሰበ ሰው ይህን ወጪ ከጎማው ጋር ደምሮ ቢያስበው ይሻለዋል፤ እኔ ለየብቻ አስቤው ተቸግሬያለሁ።

አሁን ጭኜ ደንገጎን በሦስተኛ ማርሽ እወጣለሁ፤ የፍሪሲዮኑ ሽታ ጠፍቷል፤ ወደ ሽንሌ ሜዳ ስወርድም አምስተኛው ያለ ድካም ይጎትታል። ከቁልቁለቱ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የጥርስ ቅየራው ፍሬኑን አላጠነከረውም፣ ከባዱ ጎማም እንደ ቀድሞው ቶሎ አይቆምም። ኮንታ ኪሎ ሜትሩም በስልኬ ሳነጻጽረው፣ እውነተኛው ፍጥነት 100 ሲሆን 103 ወይም 104 ያሳያል፤ ጎማው ብቻ ተቀይሮ በነበረበት ጊዜ ግን ከእውነቱ በታች ስለሚያሳይ ይህኛው ስሕተት ለእኔ የተሻለ ነው።

እንደታዘዝሁት የመጀመሪያውን ቀን በአጭር በአጭር ነድቼ እያቀዘቀዝሁ፣ እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስም ከባድ ጭነት ሳልጭን ቆየሁና ዘይቱን ላስቀይር ተመለስሁ። መካኒኩ የዲፈረንሻሉን ታፖ (የዘይት ማፍሰሻውን መክደኛ) ፈትተው የብረት ብናኝ የሚይዘውን ማግኔቱን በጣታቸው ጠርገው አሳዩኝ። የያዘው እንደ ዱቄት የደቀቀ ግራጫ ብናኝ ብቻ ነበር፤ አንድም የጥርስ ስባሪ አልነበረበትም።