ምራቄ ከመሳቢያው አልወጣም

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ዛሬ ጠዋት ነው የሆነው። ጎንደር ያላችሁ፣ ፒያሳ ፎቅ ላይ «ትክክለኛ ዕድሜዎን ከዲኤንኤዎ እናነባለን» የሚሉትን ታውቋቸዋላችሁ። ነጭ ጋዋን፣ ታብሌት፣ «ጋሼ ይቀመጡ»። ያው ነው።

6,500 ብር ከፈልሁ። ደረሰኝ ስል «ሲስተም የለም» አሉኝ፤ አመንሁ። ብልቃጥ ውስጥ ምራቄን ተፋሁ። ልጅቷ ፕላስተር ለጥፋ ስሜን በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፈችበት። የአባቴን ስም አሳሳተችው፤ ይሁን ብዬ ተውሁት። «ውጭ አገር ይላካል፣ በሦስት ሳምንት ይምጡ» አለችኝ።

ዛሬ ሄድሁ። 58 ዓመቴ ነው፤ የሰጠችኝ ወረቀት 46 ይላል። አይ ሞኝነት! እዚያው ቆሜ ባለቤቴ ጋ ደወልሁ። «12 ዓመት ተቀነሰልኝ» አልኋት። ስልኩን ሳልዘጋ ልጅቷ ማኅተም ልታወጣ መሳቢያውን ሳበች። ብልቃጤ እዚያ ተጋድሟል። ያው ፕላስተር፣ ያው ሰማያዊ ቀለም፣ ያው የተሳሳተ የአባት ስም። ምራቁ ከሥር ደርቆ ቢጫ ሆኗል። አጠገቡ የሌሎች ሰዎችም አለ።

«ይኸ ምንድን ነው?» አልሁ። ቀና እንኳ አላለችም። «ፋዘር፣ እሱ ትርፉ ነው።» የተፋሁት አንዴ፣ በአንድ ብልቃጥ! ብሩን ስትቀበል ጋሼ ነበርሁ፣ ዛሬ ፋዘር። ማኅተሙን መታችና «ዕድሜ የሚቀንሰውን ዱቄት ልጨምርልዎ? 40 ያስገባዎታል» አለችኝ። ገንዘቤን መልሱ ስል ዘበኛው መጣ።

የእህቴ ልጅ የባዮሎጂ አስተማሪ ነው። «ጋሼ፣ ሳይንሱስ ውሸት አይደለም» አለኝ። ዕድሜ ሲገፋ ዲኤንኤ ላይ ሜቲል የሚባሉ ጥቃቅን ኬሚካሎች የሚለጠፉበት ቦታ ይለዋወጣል። ስቲቭ ሆርቫት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. እንዲህ ያሉ 353 ቦታዎችን አይቶ ዕድሜ የሚገምት ስሌት አውጥቷል። እሱም ቢሆን በጥቂት ዓመታት ይስታል። ይበልጥ የሚጠቅመው የብዙ ሰው ናሙና ሰብስቦ አንዱ ሕዝብ ከሌላው እንዴት እንደሚያረጅ ለማጥናት ነው። ከመሳቢያ ያልወጣ ምራቅ ግን ማንም አያነበውም። ይህን ልጅ ቀድሜ ብጠይቀው ምን ነበረበት? ቤቱ ከቤቴ አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ለማንኛውም፣ ናሙናው የት ላብራቶሪ እንደሚሄድ በጽሑፍ ካልሰጧችሁ አትትፉ። ደረሰኝም ያዙ።

ባለቤቴ ከጠዋት ጀምሮ «አንተ ጎረምሳ» እያለች ነው የምትጠራኝ።