ከአምስት ኮከብ ሁለት ተኩል፦ አንድ ረቡዕ በምልመላ ድርጅት ውስጥ

ለምግብ ቤት ኮከብ እንሰጣለን። ለታክሲ ሹፌር እንሰጣለን። ፒዛ ይዞ ለመጣ ሞተረኛ ሳይቀር እንሰጣለን። ሠራተኛ ለሚመለምል ድርጅት ግን ማንም ኮከብ ሲሰጥ አላየሁም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁላችንም ነገ ተመልሰን እዚያው በር ላይ ልንቆም እንችላለን። እኔም ፈሪ ነኝ፣ ስማቸውን አልጠራም። ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ካሉት ሕንፃዎች የአንዱ 7ኛ ፎቅ ላይ ናቸው ልበልና ልለፍ። እዚያ መሃል ስንት ሕንፃ እንዳለ ታውቃላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አስመጪ ለሽያጭና ለሎጂስቲክስ ክፍሉ ሰልጣኞች ይፈልጋል። ምልመላውን ለእነዚህ ሰዎች ሰጣቸው። ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ ወጣ፣ ሲቪ ላክን፣ ከዚያ 48 ሰው ለሙሉ ቀን ምዘና ተጠራን። የሚፈለገው 6 ሰው ነው። ታላቅ እህቴ በሷ ጊዜ አራት ኪሎ ሄዳ፣ ጋዜጣ ተከራይታ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ክፍት የሥራ ቦታ ስትገለብጥ ትውል ነበር። "እናንተማ አልጋችሁ ላይ ሆናችሁ በስልክ" ትለኛለች። እውነቷን ነው። አልጋ ላይ የሚያልቀው ግን ማመልከቻው ብቻ ነው።

መልካሙን ላስቀድም። ገንዘብ አልጠየቁንም። ይሄ መመስገኛ መሆን አልነበረበትም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉም ከሥራ ፈላጊ ክፍያ መቀበልን አይፈቅድም። ግን "መመዝገቢያ" እያለ የሚቀበለው ደላላ ስለበዛ፣ ያልተቀበለው ደግ ሆኖ ይታየናል። ለዚህ አንድ ኮከብ።

ቀጥሎ ወደ ብስጭቴ። የላኩልን መልእክት "ረቡዕ በ8:30 ቢሮአችን ይገኙ" ነው የሚለው። በቃ። ጠዋት አይል፣ ከሰዓት አይል። አማርኛ መልእክት ነው፣ በአማርኛ 8:30 ማለት ደግሞ ከምሳ በኋላ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ አያነሱም። በመጨረሻ "የቢሮ ሰው በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያስበው" ብዬ በራሴ ወሰንኩና ለ2:30 ተነሳሁ። ልክ ሆንኩ። በግምት ነው ልክ የሆንኩት፣ ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከአያት ነው የምመጣው። ባቡር ውስጥ ቆሜ፣ ታኮ ጫማዬን በፌስታል ይዤ፣ የእህቴን ኮት እንዳይጨማደድ ክንዴ ላይ አጥፌ፣ ስታዲየም ወረድኩ። ጫማ የቀየርኩት አንድ ሊስትሮ ወንበር ላይ ነው። ልጁ አየኝና "ኢንተርቪው ነው አይደል?" አለኝ። በቀን ስንት እንደኔ ዓይነት ያያል መሰለኝ። አቧራውን በነፃ ጠረገልኝ። በዕለቱ ካገኘሁት አገልግሎት አንደኛው የሱ ነው፤ ከአምስት አምስት።

ሕንፃው ሥር ፍተሻ አለ። ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው። "ልጆቼ፣ ሊፍቱ ስድስት ሰው ነው የሚይዘው፣ አትጋፉ" ይላሉ፤ ሁሉም ይጋፋል። ላይ ስንደርስ ደግሞ ስልክ ተሰበሰበ። በካኪ ፖስታ ተከቶ፣ ስም ተጽፎበት፣ ካርቶን ውስጥ ገባ። ከዚያ ሰነድ ማየት ተጀመረ፤ ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ ፋይዳ። እንግዳ ተቀባይዋ የመውጫ ፈተና ውጤቴን ጠየቀችኝ። የተመረቅኩት በ2013 ነው። መውጫ ፈተና በሁሉም ትምህርት ክፍል የተጀመረው በ2015 ነው። "ቢሆንም ፎርሙ ላይ አለ" አለችኝ። "እህቴ፣ ያልነበረ ፈተና ከየት ላምጣ?" አልኳት። አለቃዋን ጠርታ፣ አለቃዋ ሌላ ሰው ጠርቶ፣ በመጨረሻ ቦታው ላይ ጭረት ተደረገ። ለአንዲት ጭረት 15 ደቂቃ።

የመጀመሪያው ፈተና በኮምፒውተር ነው። የቁጥር ክፍሉ 30 ጥያቄ በ25 ደቂቃ። ለአንዱ 50 ሴኮንድ ማለት ነው። ጥያቄዎቹን በሐቀኝነት ወድጃቸዋለሁ። የመጋዘን ሠንጠረዥ ይሰጧችሁና ስንት ካርቶን እንደጎደለ፣ ዋጋው በመቶ ስንት እንደጨመረ ይጠይቃሉ። ሁለት ዓመት ስቶር ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ፣ ደስ አለኝ። 17ኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ድርግም። መብራት ሄደ።

አዲስ አበባ ነው፣ መብራት መሄዱ አይገርምም። የገረመኝ ሌላ ነው። ጠረጴዛው ሥር ዩፒኤስ አለ፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተር የሚያቆየው ባትሪ፣ ኮምፒውተሩ ግን አልተሰካበትም። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ማሽኑ ተመልሶ በራ፣ መልሶቼ አሉ፣ ሰዓቱ ግን ያለኛ ሲቆጥር ቆይቷል። ወደ አምስት ደቂቃ በልቶብኛል። ግማሹ ክፍል እጁን አወጣ። ተቆጣጣሪው ልጅ፣ ምስኪን፣ ከኛም በላይ ደንግጧል፤ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣና "ሁለት ደቂቃ ተፈቅዶላችኋል" አለ። ማን እንደፈቀደ አልተነገረንም። የመጨረሻዎቹን አራት ጥያቄዎች በጭፍን "ሐ" ብዬ ሞላሁ። እዚያ ላይ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ማንም ዞሮ አላያትም፣ እኔንም ጨምሮ። እዚህ ላይ በራሴ አፍራለሁ።

ቀጥሎ የቡድን ውይይት። ስድስት ጠረጴዛ፣ ስምንት ስምንት ሰው። እንደተቀመጥን ስሌቱ ለሁላችንም ገባን። ስድስት ቦታ፣ ስድስት ጠረጴዛ። ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረውም እንጂ ሁላችንም ስምንታችንን ቆጥረናል።

ጉዳዩ ጥሩ ነበር። ዕቃ ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሷል። ሦስት ትራክ አለ። ሀዋሳ፣ ጅማ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳርና ደሴ ሁሉም ዛሬውኑ ይፈልጋሉ። ለማን ትልካላችሁ? 30 ደቂቃ፣ በእንግሊዝኛ። ክፍሉ ጥግ ላይ ሦስት ሰዎች ወረቀት ይዘው ተቀምጠዋል። አይናገሩም፣ ይጽፋሉ። እጃችሁን ባነሳችሁ ቁጥር አንዱ ይጽፋል፤ አፍንጫ ማከክ ራሱ ያስፈራል። በኋላ ቤቴ ገብቼ ሳነብ ይሄ ዘዴ ከጦር ሠራዊት የመጣ መሆኑን አየሁ። እንግሊዞች በፈረንጆቹ 1942፣ በጦርነቱ መሃል፣ መኮንን ለመምረጥ ለሰዎች የቡድን ሥራ እየሰጡ ከጥግ ያዩ ነበር። በ1956 ደግሞ ኤቲ ኤንድ ቲ የሚባለው የአሜሪካ ስልክ ኩባንያ በአለቆቹ ላይ ለሚያደርገው ጥናት ወሰደው፣ ኋላም ለአለቆች አመራረጥ ዋለ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ካርቶን ለማከፋፈል ሆኗል።

አሁን የሚያስቀውን ስሙ። ሁላችንም ያነበብነው አንድ ዓይነት ምክር ነው። "የቡድን ውይይት ላይ ሰዓት ጠባቂ ልሁን በሉ፣ ነጥብ ያሰጣል" የሚለውን። ስለዚህ ውይይቱ እንደተጀመረ ሦስት ሰው በአንድ አፍ "ሰዓት እኔ ልያዝ" አለ። እኔ አንዷ ነኝ። "አንቺ ያዢ"፣ "አይ አንተ ያዝ" ተባባልን፣ ወደ ሁለት ደቂቃ ሄደ። በመጨረሻ አንዱ ልጅ አሸነፈና እጁን አየ። ሰዓት የለውም። ማናችንም የለንም። ስልካችን ካርቶን ውስጥ ነው። ግድግዳ ላይ ያለውን ቀና ብለን አየን፣ ቆሟል። ጥግ ያለችው ሴትዮ ሳቋን በወረቀት ሸፈነች።

ሌላው ምክር ደግሞ "የጓደኛችሁን ሐሳብ አክብሩ" የሚለው ነው። አከበርን። በጣም አከበርን። እያንዳንዱ ሰው "የወንድሜን ሐሳብ እጅግ አከብራለሁ፣ ነገር ግን" ብሎ ይጀምራል፣ በእንግሊዝኛ ነው ደግሞ፣ ረጅም ነው። አንዱን ትራክ ለሀዋሳ ለመስጠት ስንከባበር ሃያ ደቂቃ አለፈ። ያ ሁሉ ሰው በአማርኛ ቢሆን በአምስት ደቂቃ ተጯጩሆ ይጨርሰው ነበር። አንድ ልጅ ብቻ ድንገት በአማርኛ "ቆይ፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይ?" አለ። ወረቀቱ ላይ የለም። ግን ከሞጆ ዕቃ ላኪ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ሦስቱም ጻፉ። በእንግሊዝኛ ስላላለው ቀነሱበት ይሁን ጨመሩለት አላወቅንም። ትራኮቹን በመጨረሻዎቹ ሦስት ደቂቃዎች በጥድፊያ አከፋፈልን። ደሴን ማንም አላስታወሳትም።

ምሳ ተሰጠን። በሥርዓት የተጠቀለለ ሳንድዊች ከውሃ ጋር። ከፈትነው፣ እንቁላልና ቺዝ። ቀኑ ረቡዕ ነው! ከስምንታችን አምስታችን ጿሚ ነን። አዘጋጇን "እህት፣ የጾም የለም?" ስንላት "አላሰብንበትም" አለች፣ ደንግጣም ነበር። ከጿሚዎቹ አንዱ ምንም ቢመጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ነው፣ እሱ ውሃውንም ሳይነካ ቁጭ አለ። አንዲት ሙስሊም ልጅ ሰላት የምታደርስበት ቦታ ጠይቃ ደረጃው ላይ ነው የሰገደችው፣ ሰው እየተሻገራት። ስለ ሰው ባሕርይ አንድ ቀን ሙሉ የሚያጠና ድርጅት ሰው ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚጸልይ አለማሰቡ አይገባኝም።

እኛ አራታችን ወርደን ከመንገዱ ማዶ ምድር ቤት ያለች አንዲት ቤት ገባን። ሽሮ ተጋቢኖ፣ በጎመንና በቃሪያ፣ ለአራት ሰው ሁለት ትሪ። ሽሮው እየተንተከተከ ነው የመጣው፣ እንጀራው የዕለቱ ነው። ሴትየዋ ኮታችንን አይታ "ፈተና ላይ ናችሁ? ቶሎ ቶሎ በሉ" ብላ ጭማሪ እንጀራ ሳንጠይቅ ወረወረችልን። በዚያ ሁሉ ውጥረት መሃል ያቺ 25 ደቂቃ ብቻ ነች ሰው የሆንኩባት። እርስ በርስ ተፎካካሪ መሆናችንን ረስተን ስለ ደሞዙ አወራን። ደሞዙ "በስምምነት" ነው የሚለው፣ ስለዚህ የምናወራው ስለ ምንም ነበር።

ስንመለስ ነው ያንን ልጅ ያገኘነው። ሙሉ ልብስ፣ ክራባት፣ የተወለወለ ጫማ፣ ፋይሉን በሁለት እጁ ይዟል። እንግዳ ተቀባይዋ ፊት ቆሟል። ሰዓቱ 8:25 ነው። በኛ አቆጣጠር። አምስት ደቂቃ ቀድሞ ደርሷል። "ጠዋት ነበር እኮ፣ አልፎሃል ወንድሜ" አለችው። ልጁ ስልኩን አውጥቶ መልእክቱን አሳያት። አነበበችው። እሷም ገባት፣ ፊቷ ላይ አየሁት። "ይቅርታ፣ ምንም ማድረግ አልችልም" አለች። ለአንድ ጭረት ሁለት አለቃ የጠራች ልጅ ለሱ ማንንም አልጠራችም። ከጅማ ሌሊቱን ተጉዞ እንደመጣ ለጥበቃው ሲነግራቸው ሰማሁ። ሳንድዊቼን አስይዤ ላኩት፣ ሌላ ምን ላድርግ። ሁለት ተኩል ኮከብ የቀነስኩት ለሱ ነው። መብራቱንም ምሳውንም ይቅር ብያለሁ።

ቃለ መጠይቁ ላይ ብዙ አልቆይም። ሦስት ሰዎች፣ 20 ደቂቃ። የሥራ ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው፣ በተለይ ወንበሩ መጨረሻ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ስቶር ቆጠራ ላይ ጉድለት ሲገኝ ምን እንደማደርግ ሲጠይቁኝ ሥራውን ከውስጥ እንደሚያውቁ ያስታውቃል። ከዚያ መሃል ላይ ያለው "አግብተሻል? በቅርብ የመውለድ ሐሳብ አለሽ?" አለኝ። ከኔ በፊት የገቡትን ወንዶች ጠየቅኳቸው፣ አንዳቸውም አልተጠየቁም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሴት በመሆኗ በቅጥር ልዩነት እንዳይደረግባት ይላል። ይሄን ግን እዚያ አላልኩም። "ለሥራው ዝግጁ ነኝ" ብቻ ብዬ ዋጥ አደረግኩት።

"ጥያቄ አለሽ?" ሲሉኝ ግን አላስቻለኝም። ጠዋት ያስፈረሙን ወረቀት የሙከራ ጊዜው 6 ወር ነው ይላል። በዚሁ አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በፊተኛው አዋጅ እንዲያውም 45 ቀን ነበር። ጠየቅኩ። ተያዩ። መሃለኛው "ቴምፕሌት ነው፣ ይስተካከላል" አለ። የስቶሩ ሰውዬ ፈገግ ብለው አንድ ነገር ጻፉ። በቃ ሥራው አመለጠኝ ብዬ ወጣሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልካችን ተመለሰልን። ታኮዬን አውልቄ በፌስታሌ ከትቼ እስከ ብሔራዊ ትያትር በእግሬ ሄድኩና ከድንጋዩ አንበሳ አጠገብ ቁጭ አልኩ። እዚያ አንበሳ ሥር ስንት ሥራ ፈላጊ እግሩን አሳርፎ ይሆን? ከ1948 ጀምሮ ነው የቆመው። "በአምስት ቀን ውስጥ እንደውላለን፣ ላላለፉትም እናሳውቃለን" ብለውን ነበር። አምስት ቀን አለፈ፣ አሥር አለፈ። ያለቀሰችው ልጅም፣ ሰዓት ጠባቂውም፣ ምሳ የበላነው አራታችንም ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍተን "ተደወለልሽ?" "አልተደወለልኝም" ስንባባል ከረምን።

በ23ኛው ቀን፣ ትናንት ማለት ነው፣ ደወሉ። ሁለተኛ ዙር ነው፣ እዚያው ቢሮ፣ ዓርብ በ8:30። "በኛ ነው በፈረንጅ?" አልኳት። ሳቀች፣ ያችው እንግዳ ተቀባይ ነች። "በፈረንጅ ነው እህቴ፣ ጠዋት። ምሳም አለ" አለችኝ። የምን ምሳ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ዓርብ አይደል፣ ሽሮዬን ቋጥሬ ነው የምሄደው። የእጅ ሰዓትም ከወንድሜ ተውሻለሁ።