ካራቫን፣ ስካይኩሪየር ወይስ ኤቲአር? ለትንሽ የጭነት አየር መንገድ የቱ ይሻላል

የጭነት አውሮፕላን ሊገዛ የተነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ያነሳል?» ብሎ ነው። እኔ ብሆን ጭነቱ በምን ተጭኖ በምን እንደሚወርድ ነው የማስቀድመው።

ሴስና ካራቫን ባለ አንድ ሞተር ነው። ከአንድ ቶን ትንሽ ከፍ ያለ ጭነት ይይዛል፤ ከሆዱ ሥር ተጨማሪ የዕቃ ማስቀመጫ ይገጠምለታል። አጭር የጠጠር ሜዳ ላይ ያርፋል። ፎርክሊፍት አይጠይቅም፤ ጫኝና አውራጅ በእጅ እየተቀባበለ ይጨርሰዋል። ጫት ለሚልክ ነጋዴ፣ ትልቁ እስኪሞላ ከመጠበቅ ትንሹን ቶሎ ቶሎ ማስነሳት ያዋጣል። የጠወለገ ጫት ማን ይገዛል? ብቻ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን በሌሊትና በደመና ንግድ ላይ እንዲሰማራ ይፈቀድ እንደሆነ የአገርዎን ደንብ አስቀድመው ይዩ።

ስካይኩሪየር የዚያው የሴስና ልጅ ነው፤ ሞተሩ ግን ሁለት። የአሜሪካው የዕቃ መላኪያ ድርጅት ፌዴክስ በ2017 እ.ኤ.አ. 50 አዝዞ፣ የመጀመሪያውን በ2022 ተረከበ። 2.7 ቶን ገደማ ይጭናል። ዋናው ጉልበቱ ሦስት ኤልዲ3 ኮንቴይነር (በትልልቅ አውሮፕላኖች ሆድ የሚገባ መደበኛ የጭነት ሣጥን) መያዙ ነው። በትልልቆቹ አውሮፕላኖች፣ በቦይንግ 777 ወይም በኤርባስ ኤ350 ሆድ የመጣ ኮንቴይነር ሳይፈታ ወደ እሱ ይዛወራል። ዕቃ አይሰበር፣ አይጠፋ፣ ሰዓትም አይባክን።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሸወዳል። አንድ ኤልዲ3 ጢም ብሎ ሲሞላ እስከ 1.5 ቶን ሊመዝን ይችላል። ሦስቱ ሲደመሩ አውሮፕላኑ ከሚችለው በላይ ነው። ስለዚህ ለልብስ፣ ለፖስታ፣ ለመድኃኒት ጥቅል ግሩም ነው፤ ለመለዋወጫ ብረት ግን ቦታ ተርፎ ኪሎ ያልቃል።

የካራቫንም የስካይኩሪየርም ካቢን የአየር ግፊት አይጠበቅለትም። በእኛ ተራሮች ላይ ከፍ ብሎ ለመብረር አብራሪው ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ቦሌን የመሰለ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለ ሜዳ ላይ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ፣ በተለይ ፀሐዩ ሲከር፣ ብሮሹሩ ላይ ያለውን ኪሎ በሙሉ ይዞ መነሳት ዘበት ነው። ሻጩን የባሕር ጠለሉን ሳይሆን የእርስዎን ሜዳ ስሌት ይጠይቁት።

ባለ ሁለት ሞተሩ የኤቲአር 72-600 የጭነት ሞዴል ሌላ ዓለም ነው። 9 ቶን ገደማ፣ ሰባት ኤልዲ3 ወይም አምስት ትልልቅ ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት ጠፍጣፋ መጫኛ)፣ ግፊቱ የተጠበቀ ካቢን። የመልስ ጭነት ከሌለዎት ግን አይንኩት፤ ባዶውን የተመለሰ ኤቲአር የሄደበትን ትርፍ ይበላል።

አዲሱ ከከበደዎትና ከመንገደኛ ወደ ጭነት የተቀየረ አሮጌ ኤቲአር ካገኙ፣ ከሞተሩ በፊት በሩን ይለኩ። አንዳንዱ ወንበሩ ተነቅሎ የቀድሞው ትንሽ የዕቃ በር እንዳለ ቀርቷል። በዚያ በር ፓሌት አይገባም፤ ጭነቱን ሁሉ በካርቶን በካርቶን ሲያስገቡ ማምሸት ነው።