ሄድፎኔ «መጣ»ን «መታ» ያለኝ ቀን

የምተዳደረው በጆሮዬ ነው። ተመራማሪዎች ገጠር ወርደው፣ ከተማ ዞረው የቀዱትን ቃለ መጠይቅ እየሰማሁ እጽፋለሁ፤ አንዳንዴም ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። ሥራው በአማርኛ ሁላችንም የምንስማማበት ስም የለውም። «ትራንስክራይብ አደርጋለሁ» ነው የምንለው። የሚከፈለኝ በድምፁ ርዝመት ነው። የአንድ ሰዓት ድምፅ ቀኑ ሲቀና አምስት ሰዓት ይፈጅብኛል። ዶሮ ሲጮህበትና ሦስት ሰው በአንዴ ሲያወራበት ደግሞ ስምንት። ዕቃዬ ሲለግም ቀጥታ ኪሴን ነው የሚነካኝ።

በዚህ የተነሳ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «የኮምፒውተር ሰው» አድርጎኛል። አይደለሁም። ግን ላፕቶፕና ሄድፎን ስመርጥ ብዙ ተሳስቻለሁ፣ ስለዚህ የምለው አላጣም።

ከሄድፎኑ ልጀምር።

ከሦስት ዓመት በፊት ከአንድ ሱቅ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ጆሮ የሚሸፍን ገመድ አልባ ሄድፎን ገዛሁ። ላዩ ላይ የታወቀ ስም ተጽፎበታል። ስሙ የውሸት መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ሻጩ ዘፈን ከፈተና ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። ቤዙ ደረቴ ድረስ ተሰማኝ። «እንዴት ነው የኔ እህት?» አለኝ። ምን እላለሁ? ከፈልኩ።

በሳምንቱ ስለ ቤተሰብ ገቢና ወጪ የተደረገ ቃለ መጠይቅ ተላከልኝ። የምታወራው አንዲት እናት ናት። ባለቤቷ የቀን ሥራ ውሎ «ማታ ሲመጣ ልጆቹ ይነቃሉ» ትላለች። እኔ «ማታ ሲመታ ልጆቹ ይነቃሉ» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉን የምታየው ልጅ ደወለችልኝ፤ ድምጿ ተለውጧል። «እዚህ ጋ እርግጠኛ ነሽ? እንዲህ ካለችማ ዝም ብለን የምናልፈው ነገር አይደለም» አለችኝ። ደነገጥኩ። ድምፁን ከድሮ ስልኬ ጋር በመጣው ተራ ማዳመጫ መልሼ ሰማሁት። ጥርት ያለ «ጣ» ነው። ሰውየው ምንም አላደረገ፣ ቤቱ ነው የገባው።

ስሙ እስቲ፦ «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» የምትለየው ጠቅ የምትል አጭር ፍንዳታ ናት። ቀጭን ናት፣ ቶሎ ታልፋለች። ቤዝ እንዲያንጎደጉድ የተሠራ ሄድፎን ዋጥ ያደርጋታል። ለዘፈን ያስደስት ይሆናል። ለንግግር ግን ሰው ጋቢ ተከናንቦ የሚያወራ ነው የሚመስለው። በዚያ ላይ የኛ ቋንቋ መጥበቅና መላላት አለበት። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ይኖራል ነው። ፊደሉ ላይ አይታይም። ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው ግን የትኛው እንደሆነ ጆሮዬ ካልነገረኝ ማንም አይነግረኝም።

ስለዚህ አሁን ለሥራ የምጠቀመው ሎጂቴክ ኤች 390 ነው። ባለ ገመድ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ማይኩ እንደ ቀንድ ወጣ ያለ። ሳደርገው የባንክ ጥሪ ማዕከል የምሠራ ነው የምመስለው። እህቴ «ምን ልርዳዎት?» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። ገመዱ ላይ ድምፅ መጨመሪያ፣ መቀነሻና ማይክ መዝጊያ አለው፤ ስብሰባ ላይ የጎረቤት ውሻ ሲጀምር በአንድ ጣት ዝም አሰኘዋለሁ። ቻርጅ አይፈልግም። ንግግሩን ገለል አድርጎ ያወጣዋል። ዘፈን ስትሰሙበት ደረቅ ነው፣ እሱን አልደብቃችሁም። እኔ ለዘፈን አልገዛሁትም።

«ለምን ገመድ አልባ አትይዢም፣ አሁን በየትኛው ዘመን ነው ገመድ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እስካሁን ገበያው ላይ የሞሉት የብሉቱዝ ሄድፎኖች ሁለት ዓይነት አሠራር አላቸው። ዝም ብላችሁ ስትሰሙ ድምፁ በሰፊው መንገድ ይመጣል። ማይኩን የከፈታችሁ ቀን ግን መስማቱም መናገሩም በአንዲት ጠባብ መንገድ ሊተላለፉ ይገደዳሉ። ያን ጊዜ ጥርት ያለው ድምፅ ድንገት የድሮ ስልክ ይሆናል። ስብሰባ ስትገቡ «ምነው ድምፁ ተበላሸ?» ብላችሁ ሄድፎኑን ስትመቱ የነበራችሁ ሰዎች፣ ብዙውን ጊዜ ዕቃው አልተበላሸም። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ በሄድፎኑ እየሰማችሁ ለማይክ የላፕቶፑን መምረጥ። ወይም እንደኔ ገመድ።

ለመዝናኛ ግን ሌላ ወግ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖረው ወንድሜ ለገና ሲመጣ ሶኒ ደብልዩ ኤች 1000 ኤክስ ኤም 4 ይዞልኝ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ነው። ከሱ በኋላ ኤም 5ም ኤም 6ም ወጥተዋል። እኔ ኤም 4ን ያልኩት ስለሚታጠፍ ነው፤ ኤም 5 አይታጠፍም፣ ቦርሳዬ ደግሞ ትንሽ ነው። የውጭ ድምፅ ማፈኛው በርቶ አንዴ ቻርጅ ተደርጎ እስከ 30 ሰዓት ይሄዳል ይላል ፋብሪካው፤ እኔ ቆጥሬ አላውቅም፣ ግን በሳምንት አንዴ ነው የምሰካው። ላፕቶፕና ስልክ ላይ በአንዴ ይገናኛል። ፊልም እያየሁ ስልክ ሲጠራ እዚያው አነሳለሁ።

ድምፅ ማፈኛውን በተመለከተ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ሰዎች «ዓለም ጸጥ ይላል» ብለው ይገዛሉ። አይልም። ይህ ቴክኖሎጂ የሚያፍነው በተለይ ወፍራምና የማያቋርጥ ድምፅ ነው። የሕንፃችን ጀነሬተር ሲነሳ ሄድፎኑን ሳደርገው እውነት ተአምር ነው፣ ድርርርር የሚለው ነገር ከሥሩ ይነሳል። የአውሮፕላን ሞተርም እንደዚያው። የሰው ወሬ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ ጎን ያለው ግንባታ ላይ ብረት ሲመታ ግን እየቀነሰም ቢሆን ይሰማል። ታክሲ ውስጥ አንዴ ዘፈን ከፍቼ አድርጌው ረዳቱ «ሒሳብ» ሲለኝ ሳልሰማ ቀርቼ፣ ቀና ስል ሚኒባሱ ሙሉ ሰው እያየኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ታክሲ ውስጥ አላደርገውም።

አሁን ወደ ላፕቶፑ።

መገናኛ አካባቢ ያሉት የኮምፒውተር ሱቆች ሁሉ አንድ ዘፈን አላቸው። «ኮር አይ ሰቨን ነው።» በቃ፣ ይቺን ካሉ ሌላ ማስረዳት አያስፈልግም ብለው ነው የሚያስቡት። ገዢውም «አይ ሰቨን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ «አዎ» ይባላል፣ ብር ይቆጠራል። ስንተኛ ትውልድ (የስንተኛው ዙር ምርት) እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ለቀጭን ላፕቶፖች የሚሠራው የኢንቴል 6ኛ ትውልድ አይ 7፣ ለምሳሌ 6600ዩ የሚባለው፣ ሁለት ኮር (ሥራ የሚካፈል የማስሊያ አንጎል) ብቻ ነው ያለው። የ8ኛው ትውልድ አይ 5 8250ዩ ግን አራት ኮር አለው። አነስ ያለ ስም ያለው ይበልጣል ማለት ነው። ሻጩ ግን የመጀመሪያውን በኩራት፣ ሁለተኛውን «እሱ እንኳ አይ ፋይቭ ነው» ብሎ በማቅማማት ነው የሚያሳያችሁ። ለኔ ጥሩ ነው፣ ዋጋ ለማስቀነስ ይመቸኛል።

8ኛ ትውልድ ላይ ድርቅ የምለው ሌላም ምክንያት አለኝ። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ፣ የደህንነት ማደሻውን ጨምሮ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11ን በወጉ የሚቀበሉት የኢንቴል ማሽኖች ደግሞ ከሞላ ጎደል ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ያሉት ናቸው። በአቋራጭ የሚጭኑላችሁ ልጆች አሉ። የሰው ሚስጥር የያዘ ድምፅ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ አቋራጩን አልወደውም።

የገዛሁት ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ 480 ነው፤ 8250ዩ፣ 8 ጊጋ ራም (ማሽኑ እየሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ)፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ፈጣን ዲስክ)። ዋጋውን ብነግራችሁ አይጠቅማችሁም። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዛሬ ወር የሰማሁት ዋጋ ለዛሬ አይሠራም። እዚያው መደርደሪያ ላይ ከነበረ አዲስ ቀጭን ላፕቶፕ ሲሶ ገደማ ከፍያለሁ ልበል። ስትገዙ ግን ከቲ 470 ጋር እንዳታምታቱት። ከላይ ሲያዩዋቸው መንትያ ይመስላሉ፣ ቲ 470 ግን 6ኛና 7ኛ ትውልድ ነው።

ለምን እሱን? አንደኛ ለኪቦርዱ። አማርኛ ስንጽፍ አብዛኛውን ፊደል በሁለት ቁልፍ ነው የምናወጣው። «መታ» ማለት አራት ምት ነው። «መጣ» ደግሞ አራት ምትና ሺፍት። (አዎ፣ ያኔ ልጅቷ ስትደውል «ሺፍቱ ስቶኝ ነው» ብዬ ልዋሽ አስቤ ነበር። አላደረግኩትም።) ቀኑን ሙሉ እንዲህ ለሚደበድብ ሰው፣ ጣት ሲያርፍበት ወረድ የሚልና መልሶ የሚገፋ ቁልፍ የቅንጦት ነገር አይደለም። ቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ላይ ጠረጴዛ የምቆጠቁጥ ነው የሚመስለኝ።

ሁለተኛው ባትሪ ነው። ይኼ ሞዴል ሁለት ባትሪ አለው፤ አንድ ውስጥ የተቀመጠ 24 ዋት አወር (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው)፣ አንድ ከኋላ የሚነቀል። የሚነቀለው ትንሽም ሊሆን ይችላል፣ ትልቁ ግን 72 ዋት አወር ነው። ማሽኑን ሳላጠፋ የኋላውን ነቅዬ ሌላ እተካለሁ፣ እስከዚያ የውስጡ ይይዘዋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ከሰዓት ሲመጣ፣ ዋይፋዩ ቢሞትም የኔ ሥራ ኢንተርኔት አይጠይቅ፣ ድምፁን ወደ 0.75 አዘግይቼ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ትልቁ ባትሪ ከሥር ወጣ ስለሚል ላፕቶፑን ትንሽ ያዘነብለዋል። እንዲያውም ለእጄ ተስማማኝ።

ራሙን በኋላ 16 አደረስኩት። ሁለት ማስገቢያ ስላለው ጀርባውን ከፍቶ መጨመር ነው። ጓደኛዬ ቪዲዮ ታቀናብራለች፤ እሷ ኤም 1 ማክቡክ ኤር ይዛለች። ፋን የለውም፣ ኮሽታ የለውም፣ ስክሪኑም የሷ ይበልጣል። የኔው መደበኛ ስክሪን ድምቀቱ 250 ኒትስ ብቻ ነው፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ ካለ ጀርባ መስጠት ግድ ነው። ግን የማክቡኩ ራም ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። በገዛሽው መኖር ነው።

ያገለገለ ስትገዙ ሱቅ ውስጥ አትፈሩ፣ ቁጭ በሉ። እኔ የፈራሁበት ጊዜ ዋጋ ከፍያለሁ። የመጀመሪያ ላፕቶፔን ከሌላ ሱቅ ገዝቼ ቤት ስገባ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ) የሆነ የውጭ ኩባንያ የቆለፈበት ሆኖ አገኘሁት። ሻጩ «ለዩዝ አያግድሽም» አለኝ። አዲስ ሃርድ ዲስክ መቀየር እስካስፈለገኝ ድረስ እውነቱን ነበር። አሁን ገና ከመቀመጤ አጥፍቼ አስነሳና ባዮስ ውስጥ እገባለሁ፤ ፓስወርድ ከጠየቀ እነሳለሁ። ከዚያ ቁልፎቹ ሁሉ እንደሚሠሩ ለማየት ኖትፓድ ከፍቼ ከሀ እስከ ፐ እመታለሁ። ከዚያ ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ የባትሪ ሪፖርት አስወጣለሁ። ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረውና አሁን የሚይዘው ጎን ለጎን ይወጣል። 24 ሺህ ሚሊዋት አወር የነበረው 11 ሺህ ካለ «አዲስ በሉት» የሚለው ወሬ እዚያ ላይ ያበቃል። ቲ 480ውን የሸጠልኝ ልጅ ይህን ሳደርግ ትንሽ ዝም ብሎ አየኝና «እህት፣ አንቺም ትሸጫለሽ እንዴ?» አለኝ። ከዚያ የተሻለ ባትሪ ያለውን ከጓዳ አመጣ።

ቻርጀሩ የእንግሊዝ ሶኬት ነበር፣ ሦስት ጠፍጣፋ እግር። ከዱባይ የመጣ ዕቃ አብዛኛው እንዲያ ነው። ዲቫይደር አብራችሁ ግዙ። ማታ ደርሳችሁ ግድግዳውን እያያችሁ እንዳትቀሩ።

ሶኒው ግን ከኔ ወጥቷል። እናቴ ባለፈው ፍልሰታ «እስቲ ቅዳሴውን ልስማበት» ብላ ወሰደችው። ሱባኤው አለቀ፣ ሄድፎኑ አልተመለሰም። ሳሎን ተቀምጣ መዝሙሯን ከፍታ፣ ጀነሬተሩንም እኛንም ረስታለች። በር ባንኳኳ አትሰማም። የቤቱን ቁልፍ አስቀርጫለሁ።