ምንኩስና ወይስ ትዳር? ልቡ ለሁለት ለተከፈለ ዲያቆን

እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳ የማውቀው ዲያቆን አለ፣ ልጁ እንቅልፍ አጥቷል፣ ቅዳሴ ላይ ጧፍ ይዞ ቆሞ አይኑ ወደ ሴቶች መቆሚያ ይሄድበታል ምክንያቱም የሚወዳት ልጅ እዛ አለች።

ምንኩስና ከሆነ ገዳም ገብቶ በአመክሮ፣ ማለትም በሙከራ ጊዜ ይፈተናል፣ ከዛ ቆቡን ይደፋል። ጳጳስም የሚሾመው ከመነኮሳት ነው። ግን አንዴ ከመነኮሱ መመለስ የለም።

ትዳሩ ደሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው አገልግሎት መተው አይደለም እኮ! በኛ በኦርቶዶክሶቹ ዲያቆን በድንግልና ቆይቶ በተክሊል፣ ማለትም በቤተክርስቲያን የጋብቻ ሥርዓት አግብቶ ከቆረበ በኋላ ይቀስሳል፣ ወሳኙ ቅደም ተከተሉ ነው፣ ከቀሰሰ በኋላ ማግባት አይቻልም፣ ሚስቱ ብትሞት እንኳን ሌላ አግብቶ በቅስናው አይቀጥልም። ስለዚህ ልጅቷም የምትገባበትን ነገር ከአሁኑ ትወቀው፣ እሱ ለማህሌት በሌሊት ነጠላውን አጣፍቶ ሲወጣ እሷ ከልጆቹ ጋ ብቻዋን የምታድርበት ቀን ብዙ ነው፣ ይሄን ማንም አይነግራትም።

እኔ ብጠየቅ ትዳሩን ነው የምለው፣ እሷን እያሰበ ቢመነኩስ ለገዳሙም ለሷም አይሆንም። ብቻ ቦዬ አካባቢ በድብቅ መገናኘቱን ትቶ ለንስሐ አባቱ ይንገርና ሽማግሌ ይላክ፣ ቤተሰቦቿ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።